ተከፍቶ ያልታየው ቅጂ

የካርድ ክፍሏ ሴትዮ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ የሆስፒታሉን የበሽተኛ ካርድ ከመደርደሪያ ስታወጣና ስትመልስ ኖራ፣ በአርባ ዓመቷ ዳታቤዝ የሚባለውን የኮምፒውተር መረጃ አያያዝ ልማር ብላ ተነሣች። ወንድሟ "ምን ነካሽ?" ቢላት ጆሮም አልሰጠችው። ትምህርቱ ግን ናላዋን አዞረው፤ በአንዲት የተሳሳተች ትእዛዝ የልምምድ መረጃዋን ሙልጭ አድርጋ ያጠፋች ቀን አልቅሳለች። እንደ ምንም ጨርሳ እዚያው ሆስፒታል ኮምፒውተር ክፍል በጀማሪነት ገባች።

በመጀመሪያው ቀን ልጅ እግሩ አለቃዋ ደረቱን ነፍቶ፣ "የበሽተኞቹ መረጃ መጠባበቂያ ቅጂ በየቀኑ ይወሰዳል፤ ሦስት ዓመት አንድም ቀን አልተዘለለም" አላት።

"ተከፍቶ ታይቶ ያውቃል?"

"አንቺ ደግሞ! ለምን ይከፈታል? 'ተሳክቷል' የሚለው አረንጓዴ ምልክት አይታይሽም?"

ነገሩ ከነከናት። ካርድ ክፍል ሳለች፣ መልሳ ያስቀመጠችውን ካርድ እንደገና ስባ ካላየች ልቧ አያርፍም ነበር። የትናንቱን ቅጂ ባዶ ኮምፒውተር ላይ ጭና ከፈተችው። ሰንጠረዦቹ ከነስማቸው ተደርድረዋል፤ ውስጣቸው ግን አንድም በሽተኛ የለም። ያለፈው ወር ቅጂም እንደዚያው።

አለቃዋን ጠርታ አሳየችው። ወንበር ስቦ አጠገቧ ተቀመጠና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እትዬ፣ የአምናውን ደግሞ ይሞክሩልኝ እስቲ" አላት።