ጓንት የማውለቅ ትምህርት

«በሽታውን በየበሩ የምታድይው አንቺ ነሽ» አለችኝ ሲስተር፣ ፊት ለፊት።

ኮሮና በገባበት ክረምት ሐዋሳ ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ በጽዳት እሠራ ነበር። ጠዋት ያጠለቅኩትን ጓንት እስከ ምሳ አላወልቅም። በዚያው ጓንት በር እከፍታለሁ፣ ስልክም አነሳለሁ። የተጠነቀቅኩ ነበር የመሰለኝ።

«ማን ነገረን?» አልኳት። «ስብሰባው ለባለሙያ ነው ተብሎ ከበር መለሳችሁን። ማስታወቂያውም በእንግሊዝኛ ነው። እኔ ቤት አስም ያለባት እናት አለችኝ።»

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ «እውነትሽን ነው» አለች። አዲስ ጓንት አስጠለቀችኝና ቁስል ላይ የሚቀባውን ሐምራዊ መድኃኒት መዳፌ ላይ አፈሰሰችበት።

«አሁን አውልቂው።»

ጎትቼ አወለቅኩት። አንጓዬ ሐምራዊ ሆነ።

«ይሄ ለእናትሽ ነው» አለችኝ።

ከዚያ የአንዱን እጄን ጓንት ከውጭ ቆንጥሬ እየገለበጥኩ፣ የሌላውን ደግሞ ባዶ ጣቴን ከውስጥ አስገብቼ እንዳወልቅ አሳየችኝ። ወረፋ የሚጠብቃት በሽተኛ እያለ ሦስት ጊዜ ደጋገመችልኝ። በሦስተኛው ጊዜ እጄ ንጹሕ ወጣ። እናቴ ያን ክረምት ሳትታመም አለፈች፤ ለዚያች ሴት ያለኝ ምስጋና እስከ ዛሬ አላለቀም። ያን ቀን ግን ከኩራቴ የተነሳ ማመስገን እንኳ አልሆነልኝም።

«ነገ ስብሰባ አለ» አለችኝ። «ጽዳቶቹንም ጥበቃውንም ይዘሽ ነይ። አማርኛ ለሚከብደው በሲዳሙ አፎ እኔ አስረዳለሁ። ባለሙያ አይደላችሁም የሚል ካለ ወደ እኔ ላኪው።»

«እሺ» ብያት ባልዲዬን አንስቼ ወጣሁ።