«ጡት ማስጣል» ብዬ በማስተማሬ

ዛሬ ጠዋት ርእሰ መምህራችን የይቅርታ ደብዳቤ ራሳቸው ጽፈው «ፈርሚ» ብለው ሰጡኝ። ካልፈረምኩ ሰኞ ክፍል አልገባም።

ጥፋቴ፣ «ዊን» (wean) የሚለው የእንግሊዝኛ ግስ «ጡት ማስጣል» ማለት ነው ብዬ ስምንተኛ ክፍሎችን ማስተማሬ ነው።

«"መለየት" ብትያቸው ምን ነበረበት? ነውር አታውቂም?» አሉኝ። የአምስት ልጆች አባት ናቸው። ልጆቹ ምን ጠብተው እንዳደጉ አልጠየቅኳቸውም።

ለምስክርነት የጠሩት የአንዷን ተማሪዬን አባት ነበር፤ ከመካነ ብርሃን የመጡትን ከብት አርቢ፣ አያ ደምሴን።

«አስተማሪዋ ልጅዎ ፊት "ጡት" አለች» ሲሏቸው ግራ ገባቸው።

«ምነው፣ እኛስ ጥጃ ስናስጥል የላሚቱን ጡት እበት እንቀባ የለ? የምትቀባውም ይቺው ልጄ ናት።»

እኔም እዚያው ትምህርቴን ቀጠልኩ። እንግሊዞች ሰውን ከለመደው ነገር ቀስ በቀስ ማላቀቅንም በዚሁ ግስ ይገልጹታል። ለምሳሌ፣ ርእሰ መምህርን ከማስፈራሪያ ደብዳቤ።

አያ ደምሴ ሳቁ። ርእሰ መምህሩ አልሳቁም።

ደብዳቤውን ሳልፈርም ጠረጴዛቸው ላይ ትቼ ወጣሁ። ሰኞ በር ላይ ቢመልሱኝም ተማሪዎቼ ቃሉን ይዘውታል።

እናንተስ፣ መምህራችሁ አፍሮ የዘለለባችሁ ቃል የትኛው ነበር? ጻፉልኝና ልተርጉምላችሁ። ከሰኞ ጀምሮ ጊዜ ሳይኖረኝ አይቀርም።