በማለዳ የመጡ ሽማግሌዎች

በእኛ አገር መርዶ የሚነገረው በማለዳ ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ሦስት ሆነው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይደርሳሉ። ጎረቤት ቀድሞ ያውቃል፤ ግን ዝም ይላል። ልጁን ወታደር ቤት የላከ ሰው ስለዚህ ማለዳን ይፈራል። እኔም እፈራ ነበር።

ልጄ ለሰላም ማስከበር ወደ ሶማሊያ ከሄደ ስምንተኛ ወሩን ይዞ ነበር። በየሁለት ሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ይደውላል። ብዙ አናወራም። «በላሽ?» ይለኛል፤ «አንተስ?» እለዋለሁ። የደባርቅ ብርድ እንደናፈቀው ይነግረኛል፤ ከዚያ ስልኩን ለእህቱ አቀብላለሁ። አባታቸው ከሞተ ቆይቷል፤ ያለነው ሦስታችን ብቻ ነን።

ከመስቀል በኋላ ስልኩ ቆመ። አንዱ እሑድ አለፈ፤ ቀጣዩም አለፈ። ስደውል አይገኝም። ስልኬን በነጠላዬ ጫፍ ቋጥሬ እውል ጀመር፤ መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ ላይ እሰካዋለሁ። አምባራስ ያለችው እህቴ ለተዝካር ብትጠራኝ፣ እዚያ ኔትወርክ የለም ብዬ ቀረሁ። አኮረፈች። ሬዲዮ ከፍቼ ሶማሊያ የሚል ቃል እስኪመጣ እጠብቃለሁ፤ ሲመጣ እዘጋዋለሁ።

የአጥር ጎረቤቴ ባሏ የቀድሞ ወታደር ነው። «ያንን ሬዲዮ ተዪው እባክሽ» አለችኝ አንድ ቀን። «የኔው ሰውዬ ሦስት ጊዜ ሞተ ተብሎ ተለቅሶለታል። ይኸው እስከ ዛሬ ወጡ ቀጠነ እያለ ይጨቀጭቀኛል።»

ሳቅሁላት። ግን በስድስተኛው ሳምንት እሷም ዝም አለች። በር ላይ ስንገናኝ ሰላም ብላኝ ቶሎ ትገባለች። ሴት ልጄም ጠባይዋ ተለወጠ። አስተማሪ ናት፤ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጓሮ ሄዳ በስልክ ታንሾካሹካለች፤ ስደርስ ትዘጋዋለች። ሐሙስ ዕለት መጋረጃውን አወረደችና አጠበች። ዓርብ ከጎረቤቴ ቤት አራት ወንበር አመጣች።

«ወንበሩ ለምንድን ነው?» አልኳት።

«እንዲያው፣ ቤቱ ባዶ ሆነብኝ» አለች ፊቷን አዙራ።

ሠላሳ ዓመት ያህል በጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ሠርቼ ነው ጡረታ የወጣሁት። ቤተሰብ ሰምቶ ታማሚው ያልሰማው ነገር ሲኖር ፊታቸው ምን እንደሚመስል አውቃለሁ። ደግሜ አልጠየቅኋትም። ከጠየቅኋት ትነግረኛለች ብዬ ፈራሁ። ቅዳሜ ቀሚሴን አጠብሁ፤ ጥቁሩን ነጠላ ከሣጥን አውጥቼ አልጋዬ ላይ አኖርሁት።

እሑድ ገና ውርጩ ሳይነሳ በሩ ተንኳኳ። ሦስት ሽማግሌዎች ናቸው። አንዱ ቄስ ናቸው፣ ጥምጥም አላቸው፤ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። አንዳቸውንም አላውቃቸውም። እጅ ነሱና ገቡ።

«ተቀመጡ» አልኳቸው።

«አንቀመጥም እመቤቴ» አሉ ቄሱ። «የመጣንበት ጉዳይ ይቅደም።»

ከመጋረጃው ኋላ ልጄ ስትተነፍስ ይሰማኛል። ግድግዳውን ያዝሁ።

«እግዚአብሔር የፈቀደውን ሰው...» ብለው ጀመሩ። እስኪጨርሱ አልጠበቅሁም።

«የት ተቀበረ?» አልኳቸው።

እርስ በርሳቸው ተያዩ።

«ማን?»

«ልጄ ነዋ።»

ረጅሙ ሰውዬ በትሩ ከእጁ ወደቀ። «ኧረ በሥላሴ! እኛ የመጣነው ልጅ ልንለምን ነው! ለጋብቻ!»

ልጄ እያለቀሰች ወጣች። «እማዬ፣ የላካቸው ዳባት የሚያስተምር ሰው ነው። ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ወንድሜ ድምፁ ጠፍቶ እንዴት የሠርግ ወሬ አወራለሁ ብዬ ነው።»

ተቀመጥሁ። ሦስቱ አሁንም እንደ ቆሙ ናቸው፤ የጋብቻ ሽማግሌ ጉዳዩ እሺ እስኪባል አይቀመጥም።

«ይቅር ይበሉን» አሉ ቄሱ። «ትናንት ከዳባት መጥተን ዘመድ ቤት አድረን ነው። ሽማግሌ ማልዶ ሲሄድ ክብር ነው ብለን።»

«ልጃቸው ወታደር ነው፣ ረፈድ እናድርገው ብዬ ነበር» አለ አጭሩ።

«መቼ ብለህ ነው?» አለ ረጅሙ።

«ማታ ነዋ!»

«ማታማ ራት ስትበላ ምን አፍ ነበረህ!»

ቄሱ ሁለቱንም ዝም አሰኟቸውና ልጁ የማን ልጅ እንደሆነ፣ ምን እንደሚሠራ በደንቡ ተናገሩ። ሰማኋቸው። ክፋት የለበትም። ግን በቤታችን ያለው ወንድ ወንድሟ ብቻ ነው፤ እሱ ሳይሰማ ቃል እንደማልሰጥ ነገርኳቸው።

«ካልደወለስ?» አለ አጭሩ።

ቄሱ በክርናቸው ጎሰሙት።

«ይደውላል» አልሁ።

ሳይቀመጡ፣ እህል ሳይቀምሱ ሄዱ። ጥቁሩን ነጠላ ወደ ሣጥን መለስሁት፤ ሣጥኑን ግን አልቆለፍሁትም። ሽማግሌ መምጣቱ ስለ ወንዱ ልጄ የነገረኝ ነገር አልነበረም። ትናንት የማላውቀውን ዛሬም አላውቀውም።

በዘጠነኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ግቢ ውስጥ ገብስ አሰጣለሁ። ስልኩ ጮኸ። የማላውቀው ቁጥር ነው። ቋጠሮውን በጥርሴ ፈታሁት።

«እማዬ፣ በላሽ?»

«የት ነበርህ?»

«ሰፈር ቀይረን ነው። ኔትወርክ የለም። ደኅና ነኝ።»

ማልቀስ አልፈለግሁም። «ለእህትህ ሽማግሌ መጥቷል» አልሁት።

«ስንት ሆነው?»

«ሦስት።»

«ሦስት ብቻ? ለኔ እህት? አምስት ሆነው ይምጡ በያቸው!» ሳቁን ሰማሁ። ከዚያ ስለ ሰውየው ጠየቀኝ፤ የማውቀውን ነገርሁት። «እሺ በያቸው። ሠርጉ ግን ያለ እኔ አይሆንም።»

«መቼ ትመጣለህ?»

«ጥር ላይ ይሉናል። እንግዲህ...» ተቋረጠ። መልሼ ብደውል አይገኝም። የት ተቀበረ ብዬ መጠየቄን አልነገርሁትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርሁትም።

ለሽማግሌዎቹ ላክሁባቸው፦ ከቀኑ ስምንት ሰዓት፣ ከመንገዱ ጀምሮ ድምፅ እያሰማችሁ። አምስት ሆነው መጡ። «በደኅና ነው! በደኅና ነው የመጣነው!» እያሉ ሲጮኹ የሠፈሩ ሰው ወጥቶ ሳቀባቸው። ጎረቤቴማ አጥሩን ተደግፋ እንባዋን ትጠርጋለች። እኔም እየሳቅሁ ነበር። ጋቢዎቹ በር ላይ ሲታዩ ግን አግዳሚው ላይ ቁጭ አልሁ።

እሺ አልኳቸው። ተቀመጡ፤ በሉ፤ መረቁ። ረጅሙ ሰውዬ ከኪሱ ማስታወሻና እስክሪብቶ አወጣ።

«በሉ ቀኑን ይቁረጡልን።»

«ልጄ ሲመጣ።»

«እሱስ መቼ ይመጣል?»

«ጥር ይላሉ።»

«ጥር ሃያ አንድ ልበለው?» ብሎ እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

ካርድ ክፍል ሳለን፣ መምጣቱ ያልተረጋገጠ ሰው ቀጠሮ በእስክሪብቶ አይጻፍም ነበር። ተነሥቼ ከሴት ልጄ ቦርሳ እርሳስ አወጣሁና ሰጠሁት።

«በዚህ ይጻፉት» አልሁት።