ያልመጡት ዘጠኙ

ሙጫ ይሏታል። ስሙን ያወጡላት በአጥንትና በመልሶ መጠገኛ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያሉ ነርሶች ናቸው፤ ከያዘች አትለቅማ! ሥራዋ የጥናት መዝጋቢነት ነው። አጥንታቸው ተሰብሮ፣ ቆዳ ቀዶ የወጣባቸው ሰዎች ከታከሙ በኋላ በስድስት ወርና በዓመት እየደወለች "ይራመዳሉ? ቁስሉ ደረቀ?" ትላለች። አሥራ አንድ ዓመት ይህንኑ ስትጠይቅ ኖራለች።

የዘንድሮውን ጥናት የሚሠራው የክፍሉ ዋና ሐኪም ነው። እንዲህ ያለውን የእግር ቁስል የባት ሥጋ አዙሮ ለመሸፈን ሁለት ሳምንት ቢቆዩ ጉዳት አለው ወይ? የለውም ከተባለ፣ ከእንግዲህ የሚመጣው ሁሉ ሁለት ሳምንት ተራ ይጠብቃል። ከታከሙት ስልሳ ሁለት ሰዎች ዘጠኙ ለዓመቱ ቀጠሮ አልመጡም፣ ስልካቸውም አይሠራም። ሙጫ ረቂቁን ብታነብ፣ ዘጠኙም "ድነዋል" ተብለው ተቆጥረዋል።

ወረቀቱን ይዛ ሐኪሙ ቢሮ ዘው አለች።

"ዶክተር፣ እነዚህን ማን አይቷቸው ነው ዳኑ የተባለው?"

"የዳነ ሰው ሐኪም ቤት ምን ሊሠራ ይመጣል?" ብሎ ሳቀ። "ቢያማቸው ይመጡ ነበር። ረቡዕ አቀርባለሁ፤ አትጨቅጭቂኝ።"

ማታ ለባሏ ብትነግረው እሱ ደግሞ ባሰ። "አንቺ ምን ጥልቅ አደረገሽ? ውልሽ እኮ የሚታደሰው በእሱ ፊርማ ነው!"

"አይታደሳ! ያልዳነን ሰው ዳነ እያልኩ ከምኖር ይቅርብኝ" አለችው። ተናዳ ነበር፣ እንቅልፍም አልወሰዳት።

አራት ቀን ሙሉ፣ አድራሻ ይዛ፣ ጎረቤት እየጠየቀች ዞረች። ጫማዋ አለቀ። አምስቱ እውነትም ደህና ናቸው። ሁለቱ ሌላ ሐኪም ቤት ሄደው እግራቸው ተቆርጧል። አንዱን የበላው ጅብ አልጮህ አለ። ዘጠነኛዋ ልብስ አጣቢ ናት፤ በር ላይ በርጩማ አድርጋ ታጥባለች፣ በሙቀት ሁለት ካልሲ ደርባ። ካልሲው ሲወልቅ መግሉ ወረደ።

"በሞትኩት! ለምን አልመጣሽም እህቴ?"

"ዶክተሩ እንዲያ ደክሞልኝ፣ 'ጎበዝ፣ ድነሻል' ብሎኝ፣ አልዳንኩም ብዬ በምን ዓይኔ ልየው?"

ወይ ይሉኝታ! እግር ያስበላል እንዴ? ሙጫ ተቆጣች፣ አለቀሰችም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። ረቡዕ አብረን እንሄዳለን" አለቻት።

ረቡዕ አዳራሹ ሞልቷል። ዋናው ሐኪም "ከስልሳ ሁለቱ ሃምሳ ስምንቱ ድነዋል" ሲል ሙጫ ብድግ አለች። "የለም፣ ከእነዚህ ያልዳኑ አሉ! እኔ ሄጄ አይቻቸዋለሁ።" አጣቢዋን ደግፋ ወደ ፊት አመጣቻት። እግሯ የተጠቀለለበት ጨርቅ ሲፈታ ሽታው የፊተኛውን ወንበር አስነሣ።

"ይቅርታ ዶክተር" አለች አጣቢዋ አንገቷን ደፍታ፤ "ከዳኑት አንዷ እኔ ነኝ አሉ።"

ሐኪሙ ክው አለ። ጓንት አጥልቆ ተንበረከከና ቁስሉን ዳሰሰ። "ለምን አልነገርሽኝም?"

"እንዳይከፋዎት ብዬ።"

ሐኪሙ "ዛሬውኑ አልጋ ስጧት" ብሎ አዘዘና ወደ ሙጫ ዞረ። "ቁጥሩን አስተካክይው።"

"እኔ አልጻፍኩትም" አለች ሙጫ። "የጻፉት እርስዎ ነዎት። እዚሁ፣ ሰው እያየ ያርሙት።"

ዋናው ሐኪም ላብ በላብ ሆነ። ግን አረመው።