የሳሙናው ሰውዬ

አባቴ በሞተ በስንተኛው ወር እንደሆነ እንጃ፤ ድንኳኑ ከተነሣ ቆይቷል፣ ሙት ዓመቱ ግን ገና ነው። እኔ አላለቀስኩም። ዘመዶቼ «ይሄ ልጅ ድንጋይ ነው» ብለው ሲያሙኝ ሰምቻለሁ። አልተቀየምኳቸውም፣ እውነታቸውን ነበር። ምሳ ሲቀርብ እበላለሁ፣ ሲነጋ ሥራ እገባለሁ። ሌላ ምንም አልነበረም።

ሥራዬ ፒያሳ ነበር። ወደ ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ሁላችንም ሙሴ የምንላቸው አንድ አርመን ረክላም የሚያሠሩበት ቤት ነበራቸው። የሱቅ ታፔላ እንጽፋለን፣ የሲኒማ ቤት ማስታወቂያ እንስላለን። ያን ሰሞን አንድ የሳሙና ነጋዴ፣ ፊልም ከመጀመሩ በፊት ለተመልካች የሚታይ የሚንቀሳቀስ ሥዕል አዘዘ። ሙሴ ሥራውን ለእኔ ሰጡኝ።

«ሰውዬ ፍጠር» አሉኝ። «ከማንም ያልተቀዳ፣ የእኛ ብቻ የሆነ ሰውዬ። ጋቢውን አጥቦ፣ ለብሶ በፒያሳ ሲያልፍ አገር ሁሉ ይወቀው።»

ቤት ደግሞ እናቴ ሌላ ሥዕል ትጠብቃለች። አባቴ ፎቶግራፍ አልነበረውም። ዕድሜውን ሙሉ የቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሲስል የኖረ ሰው፣ ፎቶ ቤት በሞላበት ፒያሳ እየተመላለሰ አንዱም ጋ ሳይገባ ቀረ። «እኔ ሰው እስላለሁ እንጂ እኔን ማንም አይስለኝም» እያለ ይቀልድ ነበር። ለቅሶው ላይ ከፍ አድርገው የሚያሳዩት ፎቶ ስለሌለ ሴቶቹ ጋቢውን ይዘው አለቀሱ። እናቴ ይሄ አንገበገባት። «ለሙት ዓመቱ ፊቱን ሳልልኝ፤ መልኩ እየጠፋኝ ነው» አለችኝ። እሺ አልኳት። እርሳስ ባነሣሁ ቁጥር ግን ፊቱ አልመጣ አለኝ። ግንባሩን አውቀዋለሁ፣ ጢሙን አውቀዋለሁ፤ ሲገጣጠሙ ሌላ ሰው ይሆኑብኛል። ማታ ማታ ትጠይቀኛለች፤ «ነገ» እላታለሁ።

የሳሙናውም ሰውዬ አሻፈረኝ አለ። ወፍራም አድርጌ ሳልኩት፣ ቀጭን አድርጌ ሳልኩት፣ አፍንጫውን አስረዘምኩት። ሙሴ ወረቀቶቹን እያገላበጡ «ይሄ ቆሟል። ይሄም ቆሟል። ውጣና ሰው ሲሄድ ተመልከት!» ብለው አባረሩኝ።

ከአንድ ቡና ቤት በር ላይ ተቀምጬ ከጊዮርጊስ የሚወርደውን ሰው ስስል ሰነበትኩ። ነጋዴው ደረቱን ነፍቶ ይሄዳል፣ ተማሪው ይሮጣል። አንድ ቀን ጃንሆይ ሊያልፉ ነው ተብሎ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ የሚራመድ ስላጣሁ ተመልሼ ገባሁ። ደስም አላለኝ፣ አልከፋኝም። እጄ ብቻ ይሠራል።

ከዚያ አንድ ጠዋት እጄ የሳለውን አየሁት። ሁለት እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚሄድ፣ ጋቢው ሲንሸራተትበት በእጁ ሳይነካ በትከሻው ነቅነቅ አድርጎ የሚመልስ ሰው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚሄደው፤ እጁ ሁልጊዜ ቀለም ስለሆነ ጋቢውን እንዳያበላሽ። እናቴ ያን ጋቢ ስታጥብ ነው የኖረችው።

«አገኘኸው! ማነው ይሄ?» አሉ ሙሴ።

«ማንም አይደለም» አልኩ።

አሁን ማራመድ ነው። ከሥሩ አምፖል በሚበራ መስታወት ላይ አንዱን ወረቀት በሌላው ላይ እየደረብኩ እግሩን በጥቂት በጥቂቱ ፈቀቅ አደርጋለሁ። የመጀመሪያውን ክምር ሳሳያቸው ሙሴ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። እግሩ ወደ ጎን ይሄዳል፣ ፊቱ ግን ፊት ለፊት እኛን ያያል። «ይሄ ሰውዬ ምሰሶ ሊገጭ ነው!» አሉኝ። እኔ አላስተዋልኩትም ነበር። አባቴ ያስተማረኝ እንደዚያ ነው፤ ደግ ሰው በሁለት ዓይኑ ይሳላል፣ ፊቱ ወደ ጎን ዞሮ ባንድ ዓይኑ የሚሳለው ሰይጣንና ክፉ ሰው ብቻ ነው። ሙሴ ወደ ጎን አዙረው አሉኝ፤ አዞርኩት። አንዱን ዓይን ሳጠፋ ምንም አልተሰማኝም።

እናቴ ከጊዮርጊስ ስትመለስ በጥቁር ልብሷ ሥራ ቦታዬ ብቅ አለች። ወረቀቶቹን በአውራ ጣቴ እየለቀቅኩ ሳሳያት ሰውዬው ተራመደ፣ ጋቢው ተንሸራተተ፣ ትከሻው መለሰው።

«ውይ! ድገመው» አለች። ደገምኩት። «ድገመው» አለችኝ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች። ከዚያ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለችና «አንዱን ዓይኑን የት አደረግከው?» አለች።

«ወደ ጎን ሲሄድ እኮ አንዱ ብቻ ነው የሚታየው እማዬ።»

«አባትህ እንዲህ የሚስለው ይሁዳን ነው። እሱ ምን በደለ?»

አዲስ ወረቀት በመጨረሻው ላይ ደረብኩና ሰውዬውን አቆምኩት። በሚቀጥለው አንገቱን ትንሽ አዞርኩ፣ በሚቀጥለው ትንሽ ጨመርኩ። አፍንጫው ከጉንጩ ተለየ፣ የጢሙ ወዲያኛው ጎን ብቅ አለ። ስንት ወር እምቢ ያለኝ ፊት በየወረቀቱ እየዞረ መጣ። መጨረሻው ላይ አባቴ በሁለት ዓይኑ አየን። እናቴ ያን የመጨረሻ ወረቀት ሳመችው፣ በነጠላዋ ጠቅልላ በብብቷ ያዘችው።

«ሳሙናውን እንዲያው እየሄደ ይሽጥላቸው» አለች። «ይቺኛዋ የእኔ ናት።»

ሙሴ ከኋላችን ቆመው ሲያዩ መዞሩን ወደውት ስለነበር፣ የወሰደችውን ደግመህ ሳለው አሉኝ። አልችልም አልኳቸው። አልሞከርኩም፤ መዞሩም ከፊልሙ ቀረ።

ሥዕሉ በፊልም ተነሥቶ ሲኒማ ቤት የታየ ለት ከኋላ ወንበር ተቀምጬ ነበር። ሰውዬው ከግራ ገባ፣ ጋቢውን በትከሻው መለሰ፣ ሰው ሳቀ፤ ፊት ያሉት አጨበጨቡ። እንደማይዞር ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። ቢሆንም ዞር ይላል ብዬ ጠበቅሁት። አላየኝም፣ ሄደ። ሳሙናው መጣ፣ ፊልሙ ተጀመረ፣ እኔ እዚያ ጨለማ ውስጥ አባቴን አለቀስኩት።