በታናሽ ወንድሜ ስም

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ። ሁለተኛውን ስሜን ያወጣልኝ ግን ተጫዋች ወደ ውጭ የሚልክ የአዳማ ደላላ ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ልምምድ ላይ ስንት ቀን ቆሞ ሲያየኝ ከረመና፣ "እግርህ ጥሩ ነው፤ ዕድሜህ ግን አልፏል" አለኝ። በሃያ ዓመት! ንዴቱ እስካሁን አልወጣልኝም። አሥራ ስድስት የሚል ወረቀት ካመጣሁ ካርቱም ክለብ እንዳለልኝ ነገረኝና ባጃጁ ውስጥ ገብቶ ሄደ።

እንዲህ ያለ ወረቀት ቤታችን ነበረ። ታናሽ ወንድሜ በአራት ዓመት ያንሰኛል፤ ያንሰኝ ነበር ማለት አለብኝ። በአሥራ አራት ዓመቱ፣ ሁሩታ ከእናታችን ዘመዶች ዘንድ ክረምቱን ሊያሳልፍ ሄዶ፣ ታሞ ሞተ። እዚያው ተቀበረ። ሰፈርተኛው ለቅሶ ደረሰን፤ ቀበሌ ሄዶ ሞቱን ያስመዘገበ ግን አልነበረም። በመዝገብ በሕይወት አለ፤ የልደት ካርዱና የትምህርት ቤት ወረቀቱም እናቴ ሣጥን ውስጥ ነበሩ።

እምቢ ትለኛለች ብዬ ነበር። ወረቀቶቹን አወጣች፤ አቧራቸውን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ሰጠችኝ። በሁለተኛው ወር ካርቱም ገባሁ።

የመጀመሪያውን ዓመት ሲጠሩኝ ዘግይቼ ነበር የምዞረው። አሰልጣኙ ፈዛዛ ይለኝ ጀመር፤ እውነቱን ነው። አንድ ቀን ግብ አገባሁና ተመልካቹ በአንድ ድምፅ የወንድሜን ስም መጥራት ጀመረ። ወንድሜ ኳስ አይወድም ነበር። እጄን ወደ ላይ እንዳነሳሁ ፈራሁ፤ የተጠራው ሰው ከኋላዬ እየመጣ መሰለኝ። ዞር ብዬ አየሁ። የማዕዘኑ ባንዲራ ብቻውን ቆሟል። እየቆየሁ ስሄድ ግን ሲጠሩኝ ቶሎ መዞር ለመድኩ።

ከዚያ ዳሬሰላም፣ ከዚያ ሙስካት፣ በመጨረሻም በረዶው ሜዳ ላይ ሳምንት የሚሰነብትበት አገር ተጫወትኩ። ሙስካት የክለቡ ሐኪም የእጄን አንጓ ራጅ አነሳና ፊልሙን ብርሃን ላይ ይዞ ብዙ ቆየ። "አጥንትህ ካንተ ይበልጣል" አለኝ። እኔ ሳቅሁ፤ እሱ አልሳቀም። ውሌ አልተሰረዘም፤ በዚያ ወር ሁለት አጥቂዎች ተጎድተውባቸው ነበር።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ስልኩ ነበር። ስልክ ይጠለፋል ብሎ ማን እንደነገራት እንጃ፣ እናቴ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በወንድሜ ስም ጠራችኝ። እማዬ ከደላላውም ትብሳለች ብዬ ሳቅሁ። ቀስ በቀስ ግን ጥያቄዎቿ ተለወጡ።

"ግራ ጆሮህስ? አሁንም ይመግላል?"

ጆሮውን የሚያመው እሱ ነበር። ተሳስታ መሰለኝ። በሚቀጥለው እሁድም ያንኑ ጠየቀችኝ።

"ተሽሎኛል እማዬ" አልኳት። ምን ልበላት?

ድምፅዋ ለስለስ አለ። እኔን እንደዚያ አናግራኝ አታውቅም፤ ቅናት ያዘኝ፤ በሞተ ልጅ ቀናሁ። ከዚያ ወዲህ በየእሁዱ እሱን ሆኜ መለስኩላት። ለእረፍት አዳማ ስመጣ ደግሞ "ልጄ" ከማለት በቀር በየትኛውም ስም አትጠራኝም።

በረዶው አገር ሳለሁ፣ አንድ ቅዳሜ ልምምድ ላይ ግራ ጆሮዬን ወጋኝ። ሲነጋ ትራሴ በመግል ረጥቧል። ለሐኪሙም ለማንም አልተናገርኩም። ስልኩን ሳነሳ እናቴ ሰላም እንኳ ሳትለኝ፣ "ትናንት አመመህ አይደል?" አለች። ስልኩን ዘግቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ።

ጨዋታ አቁሜ ስመለስ ወረቀቴ ሠላሳ ሦስት ይላል፤ ጉልበቴ አርባ ይላል። የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ በራሴ ስም መጠራት። ለእናቴ ሌላ ሰፈር ቤት ስለገዛሁላት አዲሶቹ ጎረቤቶች የሚያውቁኝ በቴሌቪዥኑ ስም ነው። አሁን ደግሞ ዲጂታል መታወቂያ መጣ፤ የጣት አሻራና ዓይን ይወሰዳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ዓይኔ በወንድሜ ስም ከመመዝገቡ በፊት የቀበሌውን መዝገብ ላስተካክል ወሰንኩ።

"ታናሹ እንደሞተ፣ እኔ ትልቁ እንደሆንኩ ትመሰክሪልኛለሽ" አልኳት። "ቅጣት ካለ እኔ እቀጣለሁ።"

"እሺ" አለች።

በማግስቱ ጠዋት አብረን ሄድን። ነፋሱ የቢሮውን መስኮት አቧራ አልብሶታል። መዝገብ ያዥዋ ወጣት ሴት ናት፤ "አካም ጅርቱ እማማ" ብላ በኦሮምኛ ሰላም አለቻትና ወንበር ሳበችላት። ያረጀውን የቤተሰብ ቅጽ አውጥታ ገለጠች።

"እማማ፣ እዚህ ሁለት ወንድ ልጆች አሉዎት። ሁለቱም በሕይወት አሉ?"

"አንዱ ሞቷል።"

"የትኛው?"

እናቴ ዞር ብላ አየችኝ። አእምሮዋ ከእኔ የተሻለ ነው፤ መርሳት አልነበረም፤ መሳሳትም አልነበረም። በየእሁዱ አሥራ ሰባት ዓመት ያሳደገችውን ልጅ ነበር የምታየው።

"ትልቁ" አለችና ስሜን ጠራች።

ከሄድኩ ወዲህ ስሜን ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። ልጮህ አፌን ከፈትኩ። ከጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ።

"እሱን ሁለት ጊዜ አትውሰድብኝ" አለች፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ።

"ነፍስ ይማር" አለች መዝገብ ያዥዋ። ቅጹንና እስክሪብቶውን ወደ እኔ ገፋች። "እርስዎ ወንድምየው ነዎት አይደል? እዚህ ጋ በምስክርነት ይፈርሙልኝ።"

በየአገሩ ደጋፊዎች ማሊያ ላይ ስፈርመው የኖርኩት ፊርማ ነው። እጄ ሳያመነታ ጻፈው።