አስተርጓሚው ከኋላ ወንበር

በሃያ ዓመቴ እግሬ አንድ ቦታ አያርፍም ነበር። ስቀመጥ ጉልበቴ ይርገበገባል፤ ስበላ ዓይኔ በር በሩን ያያል። እናቴ «ይህ ልጅ እሾህ ላይ የተቀመጠ ይመስል!» ትለኛለች። እሾሁ ምን እንደሆነ ግን እሷም አሳምራ ታውቃለች፤ የአባቴ ዓይን ነበር።

አባቴ ከየመን መጥቶ ባሕር ዳር ሱቅ የከፈተው እኔ ሳልወለድ ነው። እናቴ የወረታ ልጅ ናት። ሰው ሱቃችንን «አረብ ቤት» ይለዋል። በየገበያው ቀን አባቴ አሮጌዋን ላንድሮቨር ጭኖ ወረታ ይሄድ ነበር። በኋላ ሁለቱንም ዓይኑን ሞራ እየጋረደው መጣ። እሱ ግን አንድም ቀን «አላይም» ብሎ አያውቅም። «መንዳት እንድትማር መንገዱን እየጠራህ ንገረኝ» ይልና ከጎኑ ያስቀምጠኛል። እኔም እጠራለሁ፦ በቀኝ አህያ፣ ፊት ለፊት ጉድጓድ፣ እንስራ ያዘለች ሴት፣ ትንሽ ወደ ግራ። ከዓባይ ድልድይ እስከ ወረታ አፌ አይዘጋም። ዘንዘልማ ሜዳው ላይ ስንደርስ መሪውን ይሰጠኛል፤ ኬላ ሲቀርብ መልሶ ይቀበለኛል። መንዳት የተማርኩት እንዲህ ነው።

የምፈራው አንድ ነገር ነበር። አባቴ ሰው ቢገጭ መታሰሩ ብቻ አይደለም፤ በየዓመቱ በስንት ደጅ ጥናት የሚታደሰው የመኖሪያ ፈቃዳችን ያበቃለታል። ከዚያ የምንባረረው ወደ የመን ነው። የመንን በፎቶግራፍ እንኳን አይቻት አላውቅም። ስለዚህ አባቴ አንድ ሰው ሳይገጭ መንጃ ፈቃድ ማውጣት አለብኝ ብዬ ቢሮ ሄድኩ።

«ዜግነት?» አለኝ ጸሐፊው።

«የመን።»

«የውጭ አገር ሰው ከሆንህ አስተርጓሚ ይዘህ ቅረብ። መመሪያው እንደዚያ ነው የሚል።»

«ጓድ፣ አሁን የምናወራው እኮ በአማርኛ ነው።»

«እኔማ አማርኛህን ሰማሁት። መመሪያው ግን አልሰማህም።»

ሳቅና ንዴት አንድ ላይ ያዙኝ። የተወለድኩት ከዚያ ቢሮ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ዓረብኛዬ ደግሞ አባቴን «ያባ» ብሎ ከመጥራት፣ ከሰላምታና ከስድብ ብዙም አያልፍም። ደርግ ከመጣ ወዲህ ብዙዎቹ የአባቴ አገር ሰዎች ሱቃቸውን ዘግተው ሄደዋል፤ የቀሩትም ቢሮ የሚባለውን ነገር በሩቁ ይሸሻሉ። ነገሩን ቤት ሳወራ አባቴ ሻይውን አስቀመጠና «እኔ አለሁ አይደል?» አለ። የማያይ አስተርጓሚ ይዤ መንጃ ፈቃድ ልፈተን! ዓይኑን ካወቁበት የእሱን መንጃ ፈቃድ ይነጥቁታል፤ እኔ ከወደቅኩ ደግሞ ቤታችን ያለ ሹፌር ይቀራል። እስከ ፈተናው ቀን እህል አልወርድልህ አለኝ።

በቀኑ እስከ ቢሮው ደጅ አባቴ ነዳ፣ እኔ ጠራሁ። ፈታኙ ጠና ያሉ፣ ጸጉራቸው ገብስማ የሆነ ሰው ነበሩ። እሳቸው ከጎኔ፣ አስተርጓሚዬ ከኋላ ተቀመጡ። ለፈተና በተደረደሩት በርሜሎች መሃል በኋላ ማርሽ ምንም ሳልነካ ወጣሁ። «ወደ ገበያው ንዳ» አሉኝ።

ገበያው መንገድ ላይ ሦስተኛ ማርሽ ሳስገባ አፌ በራሱ ተከፈተ። «በቀኝ ጋሪ፣ በግራ ሁለት በግ የሚጎትት ሰው፣ ፊት ለፊት ጉድጓድ...»

ፈታኙ ዞር ብለው አዩኝ። «ለማን ነው የምትነግር?»

አባቴ ከኋላ ቀደመኝ።

«ለእኔ ነው፣ ጓድ። እሱ ይነግረኛል፣ እኔ አስተረጉማለሁ።» ከዚያም ዓይኑን በጨው አጥቦ ጋሪውንም በጎቹንም ጉድጓዱንም በዓረብኛ መልሶ ለእኔው ነገረኝ።

ፈታኙ ሳቃቸውን በሳል ሸፈኑት። ዝም ልበል ብዬ ሞከርኩ፤ ዝም ስል ደግሞ ማርሹ ይጠፋኛል። እኔ እየጠራሁ፣ አባቴ እያስተረጎመ ተመለስን።

ቢሮ ገብተን አስተርጓሚው ይፈርም ተባለ። አባቴ ብዕሩን ተቀብሎ ጎንበስ አለና ጫፉን አሳረፈ። ያሳረፈው ግን ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ወረቀቱ አንድ ስንዝር ራቅ ብሎ ነበር። አለቀልን አልኩ በሆዴ። ፈታኙ የአባቴን እጅ ይዘው ጣቱን መስመሩ ላይ አኖሩለት፤ እሱም ፈረመ።

«እዚህ ድረስ ማን ነድቶ አመጣዎት?» አሉት ቀስ ብለው።

አባቴ ከደረት ኪሱ በንጉሡ ጊዜ ያወጣውን መንጃ ፈቃድ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልጄ ካለፈ ይኸን ውሰዱት። ካላለፈ ግን መልሱልኝ፤ ሱቁ ጦሙን ያድራል።»

«ልጅዎ አልፏል» አሉ፤ አሮጌውንም ወረቀት ወደ መሳቢያቸው ከተቱት። ወደ እኔ ዞረው «አንተ ደግሞ፣ ሹፌር በአፉ አይነዳም። ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ።

ስንመለስ መሪውን እኔ ያዝኩ፤ በእኔ ቦታ አባቴ ተቀመጠ። ደስታው ወደ ቤት አላስገባ ስላለኝ መኪናዋን ወደ ድልድዩ መንገድ አዞርኩ። የተመከርኩትን አክብሬ አፌን ዘጋሁ። አባቴ አንዴ ወንበሩን፣ አንዴ በሩን ይዳብሳል።

«ምነው ዝም አልህ?» አለኝ።

«ተምሬያለሁ እኮ፣ ያባ። ከእንግዲህ መጥራት አያስፈልገኝም።»

እጁን ጉልበቱ ላይ ሰበሰበ። «አንተማ ተምረሃል» አለ። «እኔ ነኝ የማላይ። አሁን የት ደረስን?»

ፍጥነቴን ቀነስኩ።

«በግራችን ሐይቁ ነው» አልኩት። «ደንገል የጫነ ታንኳ ወደ ዳር እየመጣ ነው።»